ቀኑን የምታነብልኝ ሴት

ጥር 11

ለወንድሜ ልጅ፣ ከወንድሜ ለተረፈችኝ፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ሳሌን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ። ያለሽበት አገር ይቀበልሽ፣ የምትረግጪው መሬት አይክዳሽ፣ የሰው ፊት አይግረፍሽ።

ይህን የሚጽፍልኝ ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። ስሙን ሁሉም ረስቶታል፤ «አቤቱታ» ነው የምንለው። ልማድ ሆኖበት መጀመሪያ ላይ «ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለማቅረብ» ብሎ ጻፈ። ምን እንደጻፍክ አንብብልኝ ባልለው ኖሮ እንደዚያው ይደርስሽ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የወንድሜ ልጅ ናት እንጂ መዝገብ ቤት አይደለችም!» ብዬ አስቀደድኩት። አሁን እንደምናገረው እየጻፈ ነው። ይህንንም ጻፍ፤ አዎ፣ ይህንንም።

የአባትሽ ጉዳይ ዛሬም ተቀጠረ። ዳኛው የሉም ተባልን። ባለፈው ዐቃቤ ሕጉ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት እስረኛውን የሚያመጣ መኪና አልነበረም። በበሽታው ጊዜ ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የተከማቸው መዝገብ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ጣሪያ ድረስ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ በገመድ ታስሯል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል ነበር። እኛ ጋ እያደር ይሻግታል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንጠብቀው። አግዳሚ ወንበሩ መካከል ላይ ያኔ ሰው ሰው እንዳይጠጋ ብለው በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት አድርገውበት ነበር። በሽታው ሄደ፣ ምልክቱ ቀረ፤ ዛሬም ማንም አይቀመጥበትም። ስለዚህ እኔ አንዱ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ሻሿን አጥብቃ የምታስር ሴትዮ ሌላው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ድሮ መጥሪያ ቤት ድረስ የሚያመጣ ሰው ነበር፤ አሁን ቀጠሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አቤቱታ ደግሞ ጉልበቱ ደረጃ አይወጣም። ሴትዮዋ ናት የምታነብልኝ። «አባት፣ የእርስዎ መዝገብ ለመጋቢት ተዛውሯል» ትለኛለች። ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። ያልተጠየቀ ሰው ጥሩ ጎረቤት ነው።

ያዩትን ይንገሩኝ ብለሽ ጽፈሽ ነበር። አልነግርሽም። ያየሁትን የምናገረው አንድ ጊዜ፣ ለዳኛ፣ እጄን አንስቼ ነው። በየደብዳቤው ብበትነው ለዳኛው ምን ላቀርብለት ነው?

ኮሪደሩ ነፋስ ይገባዋል። አንድ ወፍራም ኮት ካገኘሽ ላኪልኝ። ካላገኘሽም አልሞትም፤ ሳልመሰክር አልሞትም።

አጎትሽ

መጋቢት 2

ለክቡር አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሳልዎን ደብቀው እንደጻፉልኝ ገብቶኛል፤ ፈጣሪ ደረትዎን ያሽርልዎ። ለአቶ አቤቱታም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጽሑፋቸው ሥርዝ ድልዝ የለበትም።

የእርስዎን ደብዳቤ ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ሥራዬን ነግሬዎት አላውቅም መሰለኝ። እኔም ፍርድ ቤት ነኝ። እዚህም መዝገቡ ተከማችቶ ሕንፃው አልበቃ ስላለ አንድ ድሮ ሲኒማ ቤት የነበረ አዳራሽ ተከራይተው ችሎት ከፍተዋል። ዳኛዋ የምትቀመጠው ፊልሙ ይታይበት ከነበረው ነጭ ግድግዳ ፊት ነው። የእኔ ሥራ ምስክሮችን በስልክ መያዝ ነው። ሰው ይሰለቻል፣ ቤት ይቀይራል፣ ይታመማል፣ ይረሳል። ምስክር ከጠፋ መዝገቡ ይዘጋል። ስለዚህ ጠዋት ቁጭ ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እደውላለሁ፤ «እባክዎ አይተዉን፣ ቀንዎ ደርሷል» እላለሁ። ሲናደዱብኝ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ምስክር ተቆጥተው ተቆጥተው ሲያበቁ «ለመሆኑ አንቺ ምሳ በልተሻል?» አሉኝ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም ጋሼ።

የሰውን አባት ጉዳይ እያስኬድኩ የራሴ አባት ጉዳይ ቆሟል። ለቀብሩም አልደረስኩ፤ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። በስልክ ሲያሳዩኝ ምስሉ ቆሞ የቀረው እርስዎ አፈር በእጅዎ ይዘው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። ለእኔ አባቴ እስካሁን አልተቀበረም።

ስለዚህ የሥራዬን አንድ ምክር ልንገርዎ። ብቸኛው ምስክር ሽማግሌ ሲሆን፣ ተከሳሹም ሳይፈረድበት ብዙ ሲቆይ፣ ጉዳዩ ይቅደም ተብሎ መጠየቅ ይቻላል። እዚህ እንደዚያ ነው የምንለየው፤ እዚያም ዳኞች እምቢ አይሉም። አቶ አቤቱታ ይጻፉልዎ። ያ ሰው የሚገባውን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። አሁን፣ እርስዎ እያሉልኝ።

ኮቱን እየፈለግኩ ነው። ሴትዮዋ ግን ማን ናት?

ልጅዎ

ሚያዝያ 20

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ፣ ምሳሽን ብዪ። በልተሽ ነው ይህን የምታነቢው? ካልሆነ አስቀምጪውና ብዪ።

ምክርሽን አደረግሁ። አቤቱታ እንዲህ ያለ ማመልከቻ በዕድሜው ጽፎ አያውቅም፤ «ዕድሜዬ የገፋና ደረቴ የደከመ በመሆኑ» ብሎ ሲያነብልኝ «ማነው የደከመው?» ብዬ ተጣላሁት። «አባባ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ይድከሙ፣ ሲወጡ ይበረታሉ» አለኝ። ተፈራረምን፤ እኔ በአውራ ጣቴ።

ሠራልሽ! ለካ እዚህም የተጠራቀመውን ለማቃለል ተነሥተዋል። ጡረታ የወጡ ዳኞችን መልሰው ጠርተዋል፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጭምር ችሎት ያስችላሉ፤ ሳይፈረድበት ብዙ የታሰረ ይቅደም ተብሏል። የእኛም ከፊት ገባ። አዲሷ ዳኛ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ። እንዲህ አሉ፦ «ከእንግዲህ የዐቃቤ ሕግ ምስክር በተቀጠረበት ቀን ካልቀረበ ሌላ ቀጠሮ የለም። መዝገቡ ይዘጋል፣ ተከሳሹ ይለቀቃል።» ጎሽ ብያለሁ። ቆራጥ ሰው እወዳለሁ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ያን ቀን ተከሳሹን ከእስር ቤት በቴሌቪዥን አቀረቡት። ፊቱ ከስቶ አንገቱ ረዝሟል። ብቅ ሲል ሴትዮዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ተቀመጪ፣ እናት» አሏት ዳኛዋ። እናት!

ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

«ልጅሽ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን አባት። የእርስዎን ሳነብልዎ የራሴንም ነው የማነበው። አንድ መስመር ላይ ነን።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ዘጋው?»

«ብነግርዎ ያስነብቡኝ ነበር?»

አላስነብባትም ነበር። እሱንም ነገርኳት። ተነሥቼ ሌላ አግዳሚ ላይ ሄድኩ። ያኛው እግሩ ይነቃነቃል፤ ጀርባዬን አሳመመኝ። ተመልሼ የድሮ ጫፌ ላይ ተቀመጥኩና «ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አንነጋገርም» አልኳት። «አንነጋገርም» አለች። ከዚያ ስለ ደረጃው ከፍታ አወራን።

ይኸው ነው። እኔ የሚያናግረኝ ሰው የበዛልኝ አይደለሁም። አባትሽ ከሞተ በኋላ ቤቴ ውስጥ የምሰማው የራሴን ሳል ነው።

አጎትሽ

ግንቦት 6

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በችኮላ ስለምጽፍ ይቅር ይበሉኝ።

እባክዎ ያቺ ሴት ቀን እንዳታነብልዎ! ዳኛዋ ያሉትን እርስዎ ራስዎ ጻፉልኝ፤ ካልቀረቡ ልጇ ይለቀቃል። አንድ የተሳሳተ ቀን ብቻ ይበቃታል። «ለሰኔ ሃያ» ትልዎታለች፣ ቀኑ ሰኔ አስራ ሁለት ይሆናል፣ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው የአባቴ መዝገብ ይዘጋል። ማንም አይጠይቃትም። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይቻለሁ፤ ምስክር ይባበላል፣ ይታለላል፣ ደግ ሰው ይቀርበዋል። ደግ ሰው የመጣልዎት ከየት ነው? እርስዎ እኮ ሰው በቀላሉ የሚያምኑ አልነበሩም።

አቶ አቤቱታን ይለምኑልኝ፤ ደረጃውን አንድ ጊዜ ይውጡልኝ። ካልሆነም ዘበኛውን ይጠይቁ። ማንንም ይጠይቁ፣ እሷን ግን አይደለም።

ጋሼ፣ ያ ልጅ አባቴን ገፍቶ ጣለው። ለፖሊስ የሰጡት ቃል ላይ እንደዚያ ተጽፏል አይደል? ያንን ብቻ ይድገሙልኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ

ሐምሌ 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፈጣሪ ትዕግሥት ይስጥሽ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ያስፈልግሻል።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ያልሽኝን አደረግሁ። አቤቱታን በብብቱ ይዤ ደረጃውን አወጣሁት፤ በየፎቁ ተቀምጦ እያረፈ፣ እያማረረ፣ «እኔ እዚህ ከሞትኩ ማመልከቻውን ማን ይጽፋል» እያለ። ግድግዳው ጋ ደረስን፤ መነጽሩን ጠርጎ አነበበ። ሴትዮዋ የነገረችኝ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው አዳራሽ ነበር። ዞር ስል ጫፏ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። «ልክ ነው አባት?» አለችኝ። «ልክ ነው» ያለልኝ አቤቱታ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ቀርቤ መሰከርኩ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተማሪ ሒሳብ እንደተጻፈ ነው። ልጁን ያን ቀን በአካል አመጡት፤ ካቴናውን ሲፈቱለት እጁን አሻሸ። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ፈጥኖ ይጠይቃል፣ ሌላም ጉዳይ ይጠብቀዋል። «ተከሳሹ ሟችን ገፍቶታል?» አለኝ። «ገፍቶታል» አልኩ። «ወድቆ ሞቷል?» «ወድቆ ሞቷል።» «ጨርሻለሁ» አለና ሊቀመጥ ሲል «እኔ አልጨረስኩም» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። «ይጨርሱ» አሉኝ።

ያየሁትን ተናገርኩ። ለአባትሽ ምሳ ይዤለት የሚጠብቀው መጋዘን በር ላይ ደርሼ ነበር። በበሽታው ሰበብ ሁሉ ነገር የሚዘጋበት ቀን ነው። ማንም እንዳይገባ ተብሎ ታዟል፤ እሱ ደግሞ ታዘዘ ማለት ታዘዘ ነው። ልጁ ተሸካሚ ነው፤ ጋሪው ውስጥ ተቆልፎበታል። «ጋሪዬን ብቻ፣ እንጀራዬ እሱ ነው» አለ። «አይቻልም» አለ አባትሽ። ልጁ በሩን ያዘ። አባትሽ በዱላ መታው። ልጁ አልሄደም። ደገመው፣ ትከሻው ላይ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ልጁ ዱላውን ያዘና ገፋው። የዕቃ ማውረጃው የድንጋይ ደረጃ ከኋላው ነበር። ያንን ልጁም አላየው፣ አባትሽም አላየው። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምሳውን ጥዬ ስሮጥ አልደረስኩም።

ዳኛዋ «ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?» አሉኝ። «ፖሊሱ ከአጥር ማዶ ሆኖ፣ አፉን ሸፍኖ፣ 'ገፋው ወይስ አልገፋውም?' አለኝ። ገፋው አልኩ። የተጠየቅኩትን መለስኩ። ሌላውን ልነግረው ስል በሽታ እንዳላጋባበት ሸሸኝ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም። እናንተም ብትሆኑ አልሰማችሁኝም፤ በሰበብ አስባቡ ስትቀጥሩኝ ነው የኖራችሁት» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። እውነት ለመናገር ወቀሳው ለእሳቸው አይገባም ነበር፤ በቅርቡ የመጡ ናቸው።

የተከሰሰው ሆን ብሎ ገደለ ተብሎ ነበር። ሆን ብሎ አይደለም፣ በጠብ መካከል ሳያስበው ነው ተባለ። ቅጣቱ ሲታሰብ ታስሮ የቆየው በለጠው። በዚያው ተለቀቀ።

አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ግን ፈጣን ነበር፤ ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ወንድሜ ነው። ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድገናል። ወንድሜን ሳወድሰው ስለኖርኩ ስለ እሱ እውነት መናገር የሚያቅተኝ ከመሰለሽ አታውቂኝም። ማንም አልገዛኝም። ሴትዮዋ ባታነብልኝም፣ ሰድባኝም ቢሆን ያንኑ ነበር የምናገረው።

ስንወጣ ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። አላናገርኳቸውም። ቤቴ ገባሁ።

ኮቱን ተይው። ከእንግዲህ ኮሪደር ላይ የምቀመጥበት ምክንያት የለኝም።

አጎትሽ

መስከረም 15

ለወንድሜ ልጅ፣

አዲሱ ዘመን የምሥራች ይዞልሽ ይምጣ። የሐምሌ ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይሆን? ፖስታ ይጠፋል ይላል አቤቱታ። እኔም ጠፍቶ ነው እላለሁ።

አጭር ነው የማስጽፈው፤ አቤቱታ ጃንጥላውን ሊያጥፍ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የነበረው ሰልፍ አጥሯል። ጉዳይ ሁሉ እየታየ እያለቀ ነው፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ የለም። «አባባ፣ እናንተን ፍትሕ ሲያገኛችሁ እኔን ገበያ ራቀኝ» ብሎኛል። ሴት ልጁ ጋ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው። ከእንግዲህ ማን እንደሚጽፍልኝ፣ ያንቺንም ማን እንደሚያነብልኝ አላውቅም።

ብትቆጪም ጻፊልኝ። ቁጣም ወሬ ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 8

ለአጎቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የጠፋ የለም።

ኮቱን የሐምሌው ሳይደርሰኝ ነበር የገዛሁት። ልመልሰው ወደ ሱቁ ሄጄ በር ላይ ተመለስኩ። ልኬዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ አብሮት ነው።

ጉዳዩ ይቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻውን ያስጻፍኩዎት እኔ ነኝ። አባቴ ከእርስዎ በቀር ሰው የለውም ብዬ በእርስዎ ተማምኜ ተኛሁ። እርስዎ ደግሞ በሰው ፊት ቆመው፣ ተማሪ የሚማርበት ሰሌዳ ፊት፣ ዱላውን ቆጠሩበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰው ሳቀ አሉኝ። አባቴ ሲነገርበት ሰው እየሳቀ ነበር።

ያቺ ሴት አንብባልዎ አንብባልዎ የፈለገችውን አገኘች። ብትዋሽዎ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ መዝገቡ በእርስዎ አፍ አይዘጋም ነበር። ልጇን በወንድምዎ አጥንት ላይ አራምዳ ወሰደችው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው ያስከፈላት። ያነበበችበት ዓይኗ ይጥፋ። ልጇን አቅፋ ስትተኛ እኔ ማንን እንደማቅፍ ይጠይቋት።

እዚህ ስልክ ማንሣት አቅቶኛል። «እባክዎ አይተዉን፣ እውነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» ማለት አለብኝ። አፌ ላይ ይቀራል።

አይጻፉልኝ። ጤና ይስጥልኝ።

የካቲት 19

ለወንድሜ ልጅ፣ ከወንድሜ ለተረፈችኝ፣

አይጻፉልኝ ብለሻል፤ ጻፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተው ያሉኝን ትቼ አላውቅም። ያለሽበት ቤት ይሙቅ፣ የሚጠይቅሽ ሰው አይጥፋ።

ኮቱ ደረሰኝ። ልክ ነው፤ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል፣ እሱም ለብርድ ይጠቅማል። ደብዳቤሽ ኪሱ ውስጥ ነበር። የሚያነብልኝ አጣሁ። ጎረቤቴን ላስነብበው ብዬ ነበር፤ አፉ አያርፍም፣ ያንቺን ነገር የሰፈር ወሬ ላደርገው ነው? ስለዚህ እዚያው ኪሴ ውስጥ ትቼው ኮቱን ጠዋት ማታ መልበስ ያዝኩ። ስወጣ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ኮት ልካ ክፉ አትጽፍም ብዬ ነበር። ለሱቁ ባለቤት፣ ለጫማ ጠራጊው፣ ለሁሉም «የወንድሜ ልጅ ጽፋልኛለች» እያልኩ ኪሴን መታ መታ አደርጋለሁ። እንደዚያ ስኮራ ከረምኩ።

ፍርድ ቤቱም እሄድ ነበር። አትሳቂብኝ። ቀጠሮ የለኝም፣ ግን እግሬ ለምዶ ይወስደኛል። ያ ሁሉ መዝገብ ከኮሪደሩ ተነሥቷል፤ ግድግዳው ላይ የቆመበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰው የለም። ዘበኛው «አባባ፣ ቀጠሮ አለዎት?» ይለኛል። «የለኝም» እላለሁ። «እና?» ይለኛል። «አንተ ምን አገባህ፣ ወንበሩን አልወስደው» እለዋለሁ። አሁን አይጠይቀኝም።

አንድ ቀን ሴትዮዋ መጣች፤ የልጇን ፍርድ ግልባጭ ልትወስድ። አየችኝና የድሮ ጫፏ ላይ ተቀመጠች። ቀዩ ምልክት መካከላችን ነው። «አባት፣ ኮቱ አሳመረዎት» አለች። «ደብዳቤም አለው» አልኩና አውጥቼ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? የማውቀው አንባቢ እሷ ናት።

አነበበችልኝ። ሰላምታ እንደሌለው ስሰማ ወዲያው ገባኝ። ያቺ ሴት የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ቀጠለች። ያነበበችበት ዓይኗ ይጥፋ ብለሽ የረገምሽውንም በዚያው ድምፅ፣ እንደ ቀጠሮ ቀን፣ አነበበችው። ልጇን አቅፋ ስትተኛ የሚለውንም። እስከ ጤና ይስጥልኝ። ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

«አንቺን የሚረግም ነበር እኮ፤ ብታልፊው ማን ያውቅብሽ ነበር?» አልኳት።

«ቀኑን ያልለወጥኩ ቃል እለውጣለሁ?» አለች።

ያኔ ጠየቅኋት። ለምን ቀኑን አልለወጥሽብኝም አልኳት። «አስቤዋለሁ» አለች። «ግድግዳው ጋ ቆሜ፣ እርስዎ ከኋላዬ ሆነው ሲጠብቁ፣ በየጊዜው አስቤዋለሁ። ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። ልጄ ግን 'ሽማግሌው አይተዋል' ይለኝ ነበር። ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ከቀሩ ይፈታል፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገድሎ ያመለጠ ነው የሚባለው።»

ልጁ ጋሪውን አግኝቶ እየሠራ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አለፈኝ፤ ቆሞ አንገቱን ደፋ። እኔ አላቀፍኩትም፣ አላቅፈውምም። ወንድሜን የገፋው እጅ ነው። ለሴትዮዋም ነግሬያታለሁ። «አይቀፉት፣ ብቻ አይሽሹት» አለች። እሱን አስብበታለሁ።

ስንነሣ አንድ ነገር አለችኝ፤ እኔ ስሰማ አላስተዋልኩትም ነበር። «አባት፣ ልጅቱ ብዙ ተቆጥታለች። ግን የትም ቦታ 'ዋሹ' አላለችም» አለችኝ። ደግማ አነበበችልኝ። እውነት ነው፣ የለም።

አንቺም የአባትሽን እጅ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ነው የራቅሽው፤ አውሮፕላን ባይቆምም አትመጪም ነበር። እኔ አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም። ልጄ፣ እሱን ለማልቀስ ጻድቅ ማድረግ የለብንም። እኔ በየቀኑ አለቅስለታለሁ፣ ዱላውን ጨምሬ።

መቃብሩ ላይ ድንጋይ አላቆምኩም። ያን የያዝኩትን አፈር ስልኩ ሲቆም ጣልኩት፤ አንቺ አላየሽም። ሌላ አፈር አለ። ነይና አብረን እንጣል።

ይህን የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ያልኩትን ሁሉ ጽፋለች፤ ስለ እሷ ያልኩትንም፣ አላቅፈውም ያልኩትንም። መልሰሽ ግን የምትረግሚያት ከሆነ በርትተሽ እርገሚ፣ ታነብልኛለች።

ብትመጪ የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ። ቀኑ ሳይሳሳት ይነበብልኛል፤ በሩ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ።

አጎትሽ